በእትዬ ዘነበች ጓሮ የሰማነው ኮቴ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ስቄ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ጎረቤቶቼን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል፣ "መንፈስ ነው፣ ጥላ ነው" ሲሉኝ "ጥላማ ፀሐይ ሲወጣ ሁላችንም አለን" እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። መርሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምውለው፣ ለመንፈስ የሚተርፍ ጊዜ የለኝም። አሁንም አምናለሁ የሚል ቃል አልወጣኝም። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ጊዜው ታጣቂዎቹ ከተማውን ይዘው የነበሩበት መስከረም ነው። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ወፍጮ የለ። ከተማው ሲያዝ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝና የአጥር ጎረቤቴ የእትዬ ዘነበች ልጅ ማሩ ከሚሊሻው ጋር ወደ ተራራው ወጡ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። ደሳለኝን እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ዘመድ የለኝም። ማሩም ለእትዬ ዘነበች አንድ ለእናቱ ነው። ማለዳ ማለዳ በአጥሩ በኩል ሄጄ "እንዴት አደሩ፣ የሰሙት ነገር አለ?" እላቸዋለሁ፣ "ምንም ልጄ፣ አንቺስ?" ይሉኛል፣ እንዲሁ ስንጠያየቅ መስቀል ደረሰ።

እኛ ጋ ደመራ የሚለኮሰው ጎህ ሲቀድ ነው። አደባባይ መሰብሰብ አስፈራንና በእትዬ ዘነበች ጓሮ ትንሽ ደመራ ልናቆም ተስማማን። ጋሽ ሰይድም መጡ፣ እህል ነጋዴው ጎረቤታችን ናቸው፣ እስላም ቢሆኑም የሰፈራችን ደመራ ያለ እሳቸው እንጨት ቆሞ አያውቅም፣ ሸክማቸውን አውርደው "የአባቴን ወግ ጦርነት አያስተወኝም" አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልማዱ እንዲህ ነው፣ ወንድ ሁሉ የየራሱን እንጨት ያቆማል፣ ሩቅ ላለው ደግሞ የቤቱ ሴት ስሙን ጠርታ ታቆምለታለች። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ግን የሩቅ ሰው ስም አይጠራም፣ ለምን ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፣ ሲባል የኖረ ነው። እትዬ ዘነበች "ማሩ" ብለው አቆሙ፣ እኔም "ደሳለኝ" ብዬ አቆምኩ፣ ለኮስነው።

ሁለታችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እየዘመርን ዙሪያውን መዞር ጀመርን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነው። እየዞርን ሳለን ከኋላዬ የከባድ ጫማ ኮቴ ሰማሁ፣ ጭቃው ውስጥ ጧ፣ ጧ ይላል። ታጣቂዎቹ ደረሱብን ብዬ ዞር ብል ወፍ የለም! ቆምኩ፣ እትዬ ዘነበችም ቆሙ። ኮቴው ግን አልቆመም፣ እመኑኝ፣ በመካከላችን አልፎ እሳቱን መዞሩን ቀጠለ፣ ያለፈበት ጭቃ ጎድጎድ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

እትዬ ዘነበች ፊታቸው በራ። "የልጄ አረማመድ ነው፣ ማሩዬ ነው" አሉ። እኔም ቅናት ያዘኝ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ "ኧረ የደሳለኝ ነው፣ እንዲህ ረገጥ አድርጎ የሚሄድ እሱ ነው" አልኩ። እሳቸው የኔ ሲሉ፣ እኔ የኔ ስል፣ ጋሽ ሰይድ ፊታቸው አመድ መስሎ ከድንጋዩ ተነሡ።

"አትሻሙበት፣ ልጆቼ። ወላሂ፣ ደህና ያለ ሰው እንዲህ አይመጣም። እንዲህ የሚመጣ ወይ የሞተ ነው፣ ወይ ሊሞት የተነሣ ነው።"

ከዚያ እትዬ ዘነበች፣ ደሳለኝን በልጅነቱ በእጃቸው ሲያጎርሱት የኖሩት እሳቸው፣ "እንግዲያማ ያንቺው ነው፣ ወንድምሽ ነው" አሉኝ። ደሜ ፈላ። አሁን የልጄ አረማመድ ነው ያሉኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ? ወደ እሳቱ ዞርኩና ባለ በሌለ ጉልበቴ "ማሩ! ማሩ! ና ማሩ!" እያልኩ ጮህኩ። ጋሽ ሰይድ አፌን ሊይዙኝ ሮጡ፣ አልደረሱም። ኮቴው ፊት ለፊቴ ቆመ። ትንፋሽ ፊቴን ነካኝ፣ የብርድ ትንፋሽ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደ፣ እሾሁ ተንኮሻኮሸ፣ በተራራው አቅጣጫ ራቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእትዬ ዘነበች ጋር በአጥሩ በኩል አንጠያየቅም።

ታጣቂዎቹ ወጥተው መንገድ ሲከፈት ደሳለኝ መጣ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ፣ ግን በሕይወቱ። እልልታዬን አቀለጥኩት፣ እትዬ ዘነበች እየሰሙ መሆኑን እያወቅሁ፣ ጭካኔ ነው ካላችሁ በሉ። ነጠላቸውን እንኳ ሳይለብሱ እየሮጡ መጡና "ልጄስ?" አሉት። "ተለያየን፣ እትዬ" አላቸው።

እሳቸው ሲወጡ ለእኔ ነገረኝ። የመስቀል ለት ጎህ ሲቀድ ከማሩ ጋር አንድ ጉድባ ውስጥ ተኝተው ነበር፣ ማዶ ጠላት አለ፣ ቀና ማለት አይቻልም። ማሩ ድንገት "እናቴ እየጠራችኝ ነው" ብሎ ተነሣ፣ ደሳለኝ በቀበቶው ይዞ ቢጎትተው አመለጠውና ሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ፣ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ሄደ። ተኩስ ተሰማ፣ የንጋቱ ጭጋግ ሲገለጥ ሬሳም የለ፣ ማሩም የለ።

"አንተስ የሚጠራ ሰምተሃል?" አልኩት፣ ምላሴን በቆረጠልኝ።

"ሰምቻለሁ" አለኝ። "የእትዬ ዘነበች ድምፅ ግን አልነበረም፣ እታለም።"

የማን ነበር አላልኩትም፣ እሱም አልጨመረልኝም። እትዬ ዘነበች እስከ ዛሬ እየመጡ "ልጄ ምን ብሎ ተለየህ?" ይሉታል፣ እሱ መጀመሪያ እኔን ያየኛል፣ ከዚያ "ምንም አላለም" ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ምሳ አቅርቤ ከጓዳ "ደሳለኝ" ብዬ ስጠራው አይመልስልኝም፣ በሩ ድረስ መጥቶ ፊቴን ካላየ አቤት አይልም።