ድምፅ ያጣው መዳብ

የዘርማት ሠራዊት ድል አድርጎ በተመለሰበት ማለዳ፣ በግዛቱ ያለው የመዳብ ገንዘብ ሁሉ ድምፁን አጣ።

በዘርማት ሻጭ ገንዘብ ሲቀበል ወደ ጆሮው ያስጠጋል። ከመዳቡ ውስጥ የጥንቷ ንግሥት ድምፅ «ቃሌ የጸና ነው» ይለዋል። ያኔ ዕቃውን ይሰጣል። ንጉሥ አዝማር ግን ለጦርነቱ ሲል ገንዘብ ያለ ልክ አስቀረጸ። ድምፁ ለብዙ መዳብ ሲከፋፈል ሳሳ፤ በመጨረሻ ጠፋ። ጆንያ ሙሉ ገንዘብ እፍኝ ጨው አልገዛ አለ። ገበያው ጭር አለ፤ ጉም ተኛበት።

ዘሚካ የንጉሡ አዋጅ ነጋሪ ነበረች። «ወታደር ደመወዙን፣ ገበሬ የእህሉን ዋጋ ከድል በኋላ ያገኛል» ብላ ያወጀችው እርሷ ናት። አሁን በመንገድ ስታልፍ ሰው ፊቱን ያዞርባታል።

ንጉሡ ፊት ቆመች።

«ጃንሆይ፣ ለመዳቡ ድምፅ የሚሰጠው የተራራው ዘንዶ ነው። ልሂድ። በአፌ ያወጅሁትን እውነት ሳላደርግ ብመለስ፣ ምድር አትቀበለኝ!»

ንጉሡ ለመዳቡ እንዲሆን የራሱን ድምፅ በቀንድ ውስጥ ተንፍሶ፣ በሰም አሽጎ ሰጣት። አንድ ዓይኑን በጦርነቱ ያጣ ደርባቶ የሚባል ወታደር ተከተላት።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሆን?»

«ደመወዝ አለህ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ከዓይኔ አትጠፊም። ያውም አንድ ናት የቀረችኝ።»

ወደ ላይ የሚፈስ ወንዝ ተሻገሩ። ወፎች አየር ላይ ተኝተው በሚንሳፈፉበት ሸለቆ አለፉ። ከዚያ ጉም በጦርነቱ የሞቱትን የደርባቶን ጓደኞች መልክ ይዞ ጠራው። ደርባቶ እየሳቀ ወደ ገደል አመራ። ዘሚካ ስሙን ጮኻ ጠራች። ተራራው አስተጋባ፤ ደርባቶ ነቃ።

ዋሻው ሲደርሱ ዘንዶው ንጉሡ ያሸገውን ቀንድ ከፍቶ አሸተተ።

«ይህ ድምፅ ቃሉን አልጠበቀም። መዳብ አይቀበለውም።»

«የእኔን ውሰድ» አለች ዘሚካ።

«ኧረ አንቺ ልጅ!» አለ ደርባቶ። «በምን ልትኖሪ ነው?»

«አንተ ትናገርልኛለህ። ወሬ መቼ ቸግሮህ ያውቃል?»

ዘንዶው ዝቅ ብሎ አያት። «ንጉሡ የገንዘብ መቅረጫውን ብቻውን ከያዘ የአንቺም ድምፅ ያልቃል። ገበያተኛው ይጠብቀው። ይህን ታስፈጽሚያለሽ?»

እጇን አነሣች። «ቃሌ የጸና ነው!»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ዘንዶው ድምፅዋን ከትንፋሹ ጋር በአንድ እንክብል መዳብ ላይ እፍ አለው።

ሲመለሱ ደርባቶ የሆነውን ሁሉ ለንጉሡ ነገረ። ንጉሡ መዳቡን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ዘሚካን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። መቅረጫውን ከዙፋኑ ሥር አውጥቶ ለገበያው ሽማግሌዎች አስረከበ። ዲዳው ገንዘብ ቀልጦ ድስት ሆነ። አዲሱ ከእንክብሉ ድምፅ እየተካፈለ በልክ ተቀረጸ። ወታደሩም ገበሬውም ቀስ በቀስ ድርሻቸውን አገኙ።

አንድ ቀን ዝናብ ባባራ ጊዜ ዘሚካ ጨው ልትገዛ ወጣች። ሻጯ ስንት እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ዘሚካ በእጇ አሳየች።

«ምነው፣ አፍ የለሽም? ኩራት ነው?»

ዘሚካ ገንዘቡን ዘረጋችላት። ሻጯ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ፊቷ ፈታ አለ።

«እንዴት ያለ ድምፅ ነው! የማን ይሆን?» አለች፤ ጨውም መረቀችላት።

ዘሚካ ፈገግ ብላ ዘንቢሏን አነሣች።