ቆሞ የሚጓዘው ቦቴ

መጀመሪያ የተሰማው የሞተር ድምፅ ነው። ከተቆለፈው ጋራዥ ውስጥ ዳገት እንደያዘ መኪና ያጓራል፤ ግን አይርቅም፣ አይቀርብም። ጎህ ሲቀድ ዘበኛው በሩን ሰብሮ ገባ። የውሃ ቦቴው ጀርባ በግንድ ላይ ተሰቅሎ፣ የኋላ ጎማዎቹ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። ከሥራቸው የጦር ሰፈሩ ሒሳብ ሹም በጀርባው ተዘርግቷል። ግማሽ ፊቱ የለም። ጎማው በዞረ ቁጥር እጁን እየነካ ስለሚያነሣው፣ ሟቹ «ኑ» እያለ የሚጣራ ይመስል ነበር።

በቅጥነቷም በምላሷም «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ሻለቃ ገና በማለዳው ደረሰች። የጋራዡ ቁልፍ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፤ በትራንስፖርት ኃላፊው ሻምበል፣ በንብረት ክፍሏ ሴትዮና በቦቴው ሾፌር። ሾፌሩ ነጭ አቧራ እንደለበሰ በካቴና ታስሯል፤ በደም የተነከረው የክሪክ ዘንግ የእሱ ነው። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ከዋናው በር ውጭ ቆማ ታለቅሳለች።

«ቦቴውን ማን ሰቀለው?» አለችው ሾፌሩን።

«እኔ ነኝ፣ ሻለቃ። ኪሎ ሜትሩ እንዲቆጥር ነው። በወረቀት ሦስታችንም ለበረሃው ምሽግ ውሃ ልናደርስ ሄደናል። አበሉን ተቀብለን በየቤታችን እንደበቃለን።»

«ስትመለሱስ?»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። «የበረሃው አቧራ ነጭ ነው። ድሮ በጆንያ አምጥቼ ነበር፤ በፌስታል እናድለዋለን። ልብሳችን ላይ ነስንሰን ‹ተመለስን› እንላለን። ዛሬም ልንመለስ ነበር። ግን እናቴ ትሙት አልገደልኩትም!»

የንብረት ክፍሏ ሴትዮም ነጭ በነጭ ሆና ገባች።

«ወፍጮ ቤት ነው ያደርሽው?» አለች መርፌ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። «ሒሳብ ሹሙ ትናንት ከተደበቅሁበት ቤቴ መጥቶ አለቀሰ። ታናሽ ወንድሙ እዚያ ምሽግ ነበር፤ ከጓዶቹ ጋር በውሃ ጥም ሞተ። ‹በወረቀት ብቻ በላክሁት ቦቴ ገደልኩት› አለኝ። ዛሬ ለበላይ ሊናገር ነበር።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለሻምበሉም ለሾፌሩም።»

ሻምበሉም አቧራ እንደለበሰ ገብቶ ቁጭ ሳይል ተናገረ። «ገዳዩ ታስሯል፣ ምን ታነፈንፊያለሽ? አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!»

«እኔም የምፈልገው ዘንዶውን ነው። ትናንት ጋራዥ ገብተሃል?»

«እግሬ አልረገጠውም። እህቴ ቤት ነበርኩ።»

አስከሬኑ ሲነሣ መርፌ ሦስቱንም ቦቴው ፊት አቆመቻቸው። ሾፌሩን አስፈታችው።

«ልብሳችሁን አራግፉ።»

አቧራው እንደ ጭስ ተነሣ። የሾፌሩና የሴትዮዋ ልብስ ወደ መልኩ ተመለሰ። የሻምበሉ ቀኝ እጅጌ ግን ከአንጓው እስከ ክርኑ ምርጊት እንደተለሰነ ቀረ።

«ሰው በብረት ሲፈለጥ ደም ይረጫል» አለች መርፌ። «ገዳዩ ልብስ እንዳይቀይር፣ ከበረሃ የሚመለስ ሰው ታጥቦ አይመጣም። ስለዚህ አቧራውን ደረበበት። ደረቅ ጨርቅ ላይ ያረፈ አቧራ ይበናል፤ እርጥብ ላይ ያረፈ ይጋገራል።»

«ላብ ነው!»

«በአንድ እጅጌ ብቻ?»

መሐረቧን ውሃ ነክራ እጅጌውን ጠረገችው። ነጩ መሐረብ ቀላ።

ሻምበሉ ሽጉጡን መዘዘ። ጥይቱ ጣሪያውን በሳ፤ ሾፌሩ በጭንቅላቱ ደረቱን መትቶት ነበር። የዘበኛው ሰደፍ አፉ ላይ አረፈ። ሻምበሉ ጥርሱን ከደሙ ጋር ተፋ።

«ሁላችሁም በልታችኋል!» እያለ ሲጮኽ ጎትተው ወሰዱት። «ያን ውሃ ሁላችሁም ጠጥታችሁታል!»



«ሚስትህ በር ላይ ናት» አለችው መርፌ ሾፌሩን። «አበሉን በተመለከተ ትጠየቅበታለህ። ለአሁኑ ሂድ።»

ሾፌሩ ቦቴውን ከግንዱ አወረደ። የውሃ ቱቦውን ጫፍ ከታንከሩ አፍ ከትቶ፣ ሞልቶ እስኪፈስ ጠበቀ። ከዚያ ሞተሩን አስነሣ።

በሩ ላይ ሚስቱ መስኮቱን ያዘች። «የኔ ጌታ፣ ወዴት ነው?»

ጣቶቿን አንድ በአንድ ከመስኮቱ አላቀቀ። ዘበኛው ወደ መርፌ ዞረ፤ እሷም በእጇ ምልክት ሰጠችው። አግዳሚው ተነሣ። ቦቴው ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ አልታጠፈም፤ ወደ በረሃው ሄደ።