የመምህር ቻላቸው ተልባ

ጡረተኛው መምህር ቻላቸው ዳባት ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለችው ቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው የተገኙት ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ኢንስፔክተር እስከዳር ከደባርቅ ተጠርታ ስትደርስ አስከሬኑ አልተነሣም ነበር። ግዙፍ ሰው ነበሩ። በክፍሉ ውስጥ ሌላ ወንበር የለም፤ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት አይመስልም። እስከዳር እንዲህ ያለውን ቤት ታውቀዋለች፤ ደባርቅ ከተዛወረች ሁለት ዓመቷ ነው፣ በሯን ያንኳኳ ዘመድ ግን የለም።

የሟቹ የዓይን ብሌን ከልክ በላይ ሰፍቷል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። አጠገባቸው ባለው ብርጭቆ ውስጥ፣ ከታች ከዘቀጠው የተልባ ፍሬ ጋር ጠቆር ያለ ሌላ ፍሬ ተቀላቅሏል።

«ምን ነበር የሚጠጡት?» አለቻት መምህሩን የምትከታተለውን ነርስ ጤናዬን።

«ጥናት ላይ ነን። ውፍረት አንጎልንም ያደክማል። ተልባና እርድን በመሳሰሉ እፅዋት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ድካሙን ያቀልል እንደሆነ እየሞከርን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በወረቀት የተጠቀለለ ሰባት እሽግ አመጣላቸዋለሁ፤ ከእሑድ ጀምሮ በቀን አንድ ነው። ዓይናቸው ቢደክምም ማታ ያስታወሱትን በትልልቅ ፊደል በደብተር ይጽፋሉ።»

«ተሻላቸው?»

«ጥር ላይ ስንጀምር ስሜን እንኳ አይዙትም ነበር። አሁን የድሮ ተማሪዎቻቸውን በየተራ ይጠሩልኛል። ከተልባው ይሁን ከጠዋት እርምጃው፣ እንጃ።»

አስከሬኑን ያገኙት ምሳ የሚያደርሱላቸው ጎረቤት ወይዘሮ ስንቄ ናቸው። «ሰው አይመጣባቸውም፣ ልጄ» አሉ። «ትናንት ግን ልደቱ መጣ፣ የሟች ሚስታቸው ወንድም። ከየካቲት ወዲህ አይቸው አላውቅም።»

ልደቱ ዛሪማ የሚኖር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ተጠርቶ መጣ። «ጠይቄያቸው ወጣሁ» አለ።

«እሽጉን ነክተሃል?»

«ምን አገባኝ? ብቻ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ ተልባን ፍሬውን እንዳለ መስጠት ምን የሚሉት ሕክምና ነው?»

እስከዳር ደብተሩን ይዛ ደጅ ወጣችና ቆማ አነበበች።

የምርመራው ውጤት ከጎንደር ሲመጣ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መርዙ ዓይንን የሚያሰፋው፣ አፍን የሚያደርቀው የአስተናግር ፍሬ ነው» አለች። «ጤናዬ፣ የቀሩትን ስድስት እሽጎች ክፈቻቸው።»

ከስድስቱም የወጣው ቢጫ ዱቄት ነው።

«ከሚያዝያ ጀምሮ ፈጭተን፣ ከእርድ ጋር ነው የምንሰጣቸው» አለች ጤናዬ።

«ወይዘሮ ስንቄ፣ ይህን ያውቁ ነበር?»

«እንዴታ። ስንት ቀን በጥብጨላቸዋለሁ።»

«እንግዲህ ሰባተኛዋን እሽግ በራሱ እሽግ የተካት ሰው ዱቄት መሆኑን አያውቅም። የመምህር ዓይን ደካማ ስለሆነ ለውጡን አላዩም። የፈጨችው ጤናዬ ፍሬ አታመጣም፤ የበጠበጡት ወይዘሮ ስንቄም አያመጡም። ተልባው ፍሬ ነው ያለኝ አንተ ነህ፣ ልደቱ። በየካቲት ያየኸው ፍሬ ነበርና።»

ከዚያ ከደብተሩ የሐሙሱን ጽሑፍ አነበበች፦ «ያችን መኪና የገጫትን ልጅ አስታወስኋት። የድብ ባሕር መንገድ። የነዳው ልደቱ፣ ዝም ያልኩት እኔ። ለእናቷ ልነግር ነው። ለልደቱም ደውዬ ነገርኩት።»

ልደቱ ግድግዳውን ተደገፈ። «አሥራ አንድ ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «ረስተውት ነበር። ምናለ እንደረሱት ቢቀሩ።»

ፖሊሶች ሲወስዱት ጤናዬ አንገቷን ደፍታ ቀረች። «ባናሽላቸው ኖሮ ዛሬም ነበሩ።»

«ይሆናል» አለች እስከዳር። «ይህን የጻፉት ሰውዬ ግን አይኖሩም ነበር።»

በማግስቱ ድብ ባሕር ወርዳ፣ ሰው ጠይቃ የልጅቷን እናት ወይዘሮ ባንቻየሁን አገኘቻቸው። ሴትዮዋ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ወዲያው ነው የሞተችው፣ ወይስ ሰው ይደርስልኛል ብላ ጠብቃለች?»

«ደብተሩ አይልም፣ እማማ።»

«እሷን አንስቶ የሚያወራኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ» አሉ ወይዘሮ ባንቻየሁ። «ትንሽ ቆይ፣ ልጄ።»

ወደ ደባርቅ የሚመለሰው አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር። እስከዳር መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ስሟ ማን ነበር?» አለቻቸው።