ሦስተኛው ጉድጓድ

ሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ከጠዋት የጀመረው ስስ ዝናብ አላባራም።

ማራ አውቶቡስ መጠበቂያው ጥግ ቆማለች። የስለላ ስሟ ነው፤ በዕብራይስጥ መራራ ማለት ነው፤ ሊጠጣ ላልቻለ ውሃ የወጣ ስም። ስድስት ዓመት ሙሉ የምትታወቀው ግን በካርድ ጸሐፊነት ነው፤ የጥንት የዕብራይስጥ ቦታዎችን ስምና ትርጉም በሚያሰባስብ ሽማግሌ ሊቅ ቢሮ።

የመደበቂያ ቤቶቹም ስም የወጣው ከዚያው ቢሮ የካርድ መሳቢያ ነው። የይስሐቅ አገልጋዮች ጉድጓድ ቆፈሩ፤ እረኞች ተጣሏቸው፤ ዔሴቅ ተባለ፣ ክርክር። ሌላ ቆፈሩ፤ በዚያም ተጣሏቸው፤ ስጥና፣ ጠላትነት። በሦስተኛው የተጣላቸው አልነበረም። ርኆቦት፣ ሰፊ ስፍራ።

ዔሴቅ የተባለው ቤት በክረምቱ ተከበበ። ስጥና ባለፈው ወር።

ርኆቦት ውስጥ የሽማግሌው ልጅ አለች፤ የተሰወሩ እስረኞችን ስም ዝርዝር ይፋ ያወጣች ነርስ። ዛሬ የማራ አለቃ ሊያሸሻት ነው።

መጣ። «አጎት» ይሉታል።

«እንዴት ነሽ እህቴ?»

«አለሁ።»

የርኆቦትን ካርድ ሰጠችው፤ አድራሻው በጀርባው ነው። እሱም የስጥናን መለሰላት። ካርድ የሚቃጠለው በጻፈው እጅ ነው፤ ደንባቸው ነው።

አየችው። የቢሮዋ ካርድ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ከታች፣ የመሳቢያው ዘንግ የሚያልፍበት። ይህኛው በግራ ጠርዙ ሁለት ተጨምሮለታል።

የፋይል ቀዳዳ።

የሚደበቅ ሰው ፋይል የለውም። ፋይል ያለው አሳዳጁ ነው። ስጥናን የሸጠው አጎት ነው።

«ቆይ» አለች፤ ድምፅዋ የደከመ ሠራተኛ ድምፅ ነበር። «ረስቼው! ጠዋት ልጅቷን አዛውሬአታለሁ። ደግነቱ በእርሳስ ነው የጻፍኩት። አምጣው ላርመው።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ታዲያ ጃንጥላህን ያዝልኛ።»

ያዘላት። በላጲስ አጠፋችው። ወደ አእምሮዋ የመጣውን ብቸኛ አድራሻ ጻፈች።

የቢሮዋን።

«አንድ ሰዓት ላይ እወስዳታለሁ» አለ።

ቢሮ ተመልሳ ስትነግረው ሽማግሌው መነጽሩን ሳያወልቅ ሁሉንም ሰማት።

«እንውጣ ጋሼ።»

«ባዶ ቤት ካገኙ እንደተታለሉ ይገባቸዋል። ባቡር ጣቢያውን ይዘጋሉ። መብራት በርቶ፣ ሰው ተቀምጦ ሲያገኙ ግን ይበረብራሉ። ስንት መሳቢያ ነው ያለን?»

«አርባ አንድ።»

«እስኪነጋ ይበቃቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ አንባቢ አጥቼ፣ ዛሬ በመኪና ተጭነው ይመጡልኛል።»

አልሳቀችም።

«ሂጂ ልጄ። ይስሐቅም ጉድጓዱን ለጠበኞቹ ትቶላቸው ነው የሄደው። ሞኝ ይመስልሻል? ውሃው ወዲያ ማዶም ነበር።»

አዲስ ካርድ ስቦ መጻፍ ጀመረ። በኋላ በር ወጣች።

ርኆቦት ስትደርስ ነርሷ ጫማዋን አድርጋ ተቀምጣ ነበር።

«አባባስ?»

«ካርድ እየጻፈ ነው።»

ውሸት አልነበረም። አብረው ወደ ባቡር ጣቢያው ወጡ።

ማራ አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ጫማ ትሸጣለች። ደንበኞቿ «እመቤት፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር አለሽ?» ይሏታል። ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች።

ነርሷ ድንበሩን የተሻገረችው ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌው የተያዘው ሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የቦታ ስሞች መዝገቡ አልታተመም።