ስካነሩ የማያነበው

«ይሄኛውን ያዢው እስቲ፤ ክብደት የለውም» አለ ሃብተአብ፣ ነጩን ስካነር ለረውዳ እያቀበላት።

ረውዳ ግን አልተቀበለችውም። መጀመሪያ ቦርሳዋን ከፍታ ይዛ የመጣችውን ዕቃ ባንኮኒው ላይ ደረደረች፤ ክብ የሻምፖ ጠርሙስ፣ የተጨማደደ የብስኩት ላስቲክና የሕፃናት ወተት ጣሳ። ኦሎምፒያ ያለችው የሃብተአብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጠባብ ስለሆነች አክስቷ አዚዛ ጃንጥላዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ሃብተአብ።

«ልሞክረው ነዋ! እኛ ሱቅ ያለው ዕቃ ሁሉ ለጥ ያለ ካርቶን አይደለም እኮ።»

ነጩ ስካነር የጣሳውን ባርኮድ ወዲያው አነበበ። ሻምፖው ላይ ሲደርስ አመነታ፣ የብስኩቱን ላስቲክ ግን ወይ ፍንክች አለ። ሃብተአብ ሳቅ ብሎ ከመስታወቱ ሥር ሌላ አወጣ፤ ጥቁር፣ እንደ ሽጉጥ ቃታ ያለው።

«በቃ፣ ጎበዝ ነሽ ማለት ነው። ይሄ ባርኮዱን እንደ ካሜራ ፎቶ እያነሳ ነው የሚያነበው። ቢጨማደድም ግድ የለውም። ከስልክሽ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል።»

እውነትም ሦስቱንም አነበበ። ረውዳ ስለ ባትሪው ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አክስቷ ከበሩ ላይ ቀደመቻት።

«ድምፁስ?»

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«ሲያነብ ‹ጢጥ› የሚለው። መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍም ይሰማል?»

ሃብተአብ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማት። አዚዛ ስካነሩን ተቀብላ ቃታውን በጣቷ ፈለገች፣ ተጫነችው፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ «ይሄን ውሰጂ» አለች።

ረውዳ ተናደደች። እሷ ስንት ቪዲዮ አይታ፣ ስለ ርቀቱና ስለ ፍጥነቱ ስታጠና ከርማ፣ አክስቷ በጩኸቱ መረጠች! ደግነቱ የመረጠችው እሷም የፈለገችውን ነበር።

የስካነሩን ነገር ያመጣው የረውዳ አባት ሸምሰዲን ነው። ወሎ ሰፈር አንድ ሱቅ አለው፤ የካዛንቺሱን ሱቅ ደግሞ ታላቅ እህቱ አዚዛ ትይዘዋለች። በዚህ ክረምት ስልክ ላይ የሚሠራ የሱቅ አፕ አስገባ። ካዛንቺስ የተሸጠው ሁሉ ወሎ ሰፈር ሆኖ እንዲታየው ነው። ገዝቶ የማስተካከሉን ሥራ ለረውዳ ሰጣት። እራት ላይ ግን ሌላም ነገር ተናገረ።

«እትዬ ደክሟታል። አፑን ከለመደችው ጥሩ፣ ካቃታት ግን ቤቷ ትረፍ። ለሱቁ ሰው እቀጥራለሁ።»

ክፋት ኖሮበት አልነበረም፤ ለእህቱ አስቦ ነው። ረውዳ ግን ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። አክስቷን እንደ እናቷ አንቺ እያለች፣ ከትምህርት ቤት መልስ በዚያ ባንኮኒ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው ያደገችው። አዚዛ ከሱቅ ውጪ ምን እንደምትመስል እንኳ ማሰብ አትችልም።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ጀመሩ። ስካነሩ ከሱቁ ስልክ ጋር ለመገናኘት አላስቸገረም፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ባርኮዱ ሲነበብ ቁጥሩ አፑ ላይ ይገባና እዚያው ይቆማል። ዕቃው እንዲወጣ ሁልጊዜ ስልኩን መንካት ያስፈልጋል። ረውዳ ከስካነሩ ጋር የመጣችውን ትንሽ መመሪያ ስታገላብጥ ገጾቹ በባርኮድ የተሞሉ ሆነው አገኘቻቸው። ለካ ስካነሩ ትእዛዝ የሚቀበለውም በባርኮድ ነው! «ካነበብክ በኋላ ራስህ ‹ኢንተር› ተጫን» የሚለውን ፈልጋ አነበበችለት። ሁለት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ሳሙና ስታስነብበው የሳሙናው ገጽ ብቻውን ተከፈተ።

«ሠራ! አክስቴ፣ ሠራ!»

ደስታው ብዙም አልቆየም፤ የስልኩ ኪቦርድ ጠፋ። ስልኩ ስካነሩ ኪቦርድ መስሎት የራሱን ደብቆ ኖሯል። ያንንም ከማስተካከያው ውስጥ ፈልጋ መለሰችው። ከዚያ ከመደርደሪያው ዕቃ እያወረደች ማስነበብ፣ ስም መጻፍ፣ መልሳ መደርደር። እግረ መንገዷንም መልክ መልክ አስያዘችው። የሕፃናት ወተቶቹን እንደ ሕፃኑ ዕድሜ በተሰጣቸው ቁጥር፣ ከአንድ ጀምራ በተራ አስቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ገባች።

«አንድ ቁጥር ወተት ስጪኝ፤ ልጄ ገና ሦስት ወሯ ነው።»

አዚዛ ፊቷን ወደ መደርደሪያው እንኳ ሳታዞር እጇን ሰዳ አንድ ጣሳ አነሳች። በፌስታል አድርጋ ሰጠቻት። ሴትየዋ ከፍላ ወጣች። ረውዳ ዓይኗን ከስልኩ ላይ ስታነሳ፣ በስሱ ፌስታል ውስጥ ትልቁን ሁለት ቁጥር አየችው።

«አክስቴ፣ ሁለት ቁጥር ነው እኮ የሰጠሻት!»

መልስ አልጠበቀችም። አንድ ቁጥሩን ይዛ በዝናቡ ውስጥ ሮጠች። ሴትየዋን ታክሲ ልትገባ ስትል ደረሰችባትና ለወጠችላት። ስትመለስ ልብሷ ላይዋ ላይ ተጣብቋል። አዚዛ እጆቿን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«አንድ ቁጥር ሁልጊዜ እዚያ ነበር የሚቀመጠው» አለች ቀስ ብላ።

«እሺ እኔ ቦታ ቀየርኩት፤ ግን ቁጥሩ እኮ የቡጢ ያህል ነው። አላየሽውም?»

አዚዛ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ አሸት አሸት አደረገች።

«ዓይኔ ላይ ጭጋግ ነው ረውዲ። ከረመዳን ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ሰውን እንኳ በድምፁ ነው የምለየው።»

ረውዳ የሃብተአብ ሱቅ ውስጥ የሆነው ነገር አሁን ገና ገባት፤ በውስጧ በመናደዷም አፈረች።

«ሐኪም ቤት ሄደሻል?»

«ሐኪም ቤት ከሄድኩ አባትሽ ይሰማል። ከሰማ ደግሞ በቃ፣ ቤት ቁጭ በይ ነው የሚለኝ። እንዳትነግሪው። ወላሂ፣ እንዳትነግሪው።»

«እሺ» አለች ረውዳ። ቃሉ ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው።

ከዚያ በኋላ ስካነሩ ለረውዳ ሌላ ነገር ሆነባት። ስልኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ማስተካከያ እንዳለ ታውቅ ነበር፤ ከፈተችው። የአማርኛውን ፊደል ግን እየዘለለው አለፈ፤ ድምፁ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የዕቃውን ሁሉ ስም እንደገና በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችው። አዚዛ ቃታውን ስትጫን ስልኩ «ዌቴት ሁሌት» አለ።

«ይቺ ሴትዮ የየት አገር ሰው ናት?» አለች አዚዛ፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ረውዳ አክስቷ እንዲህ ስትስቅ ከሰማቻት ቆይታ ነበር።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሸምሰዲን ሊያይ መጣ። አዚዛ ከባንኮኒው ኋላ ቀጥ ብላ ቆማ ስካነሩን ያዘች። ሳሙና፣ ጢጥ። ሻምፖ፣ ጢጥ። ስልኩ ስሙን ይጠራል፣ ዋጋውን ይናገራል፤ አዚዛ ተከትላ በአማርኛ ትደግመዋለች። ሸምሰዲን አጨበጨበ።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ከእኔ በለጥሽ! እኔ ሰው ልቅጠር እላለሁ።»

አዚዛ በደስታ ፊቷ በራ። ሸምሰዲን ጃንጥላውን አንስቶ ተሰናብቶ ወጣ። ረውዳ ለማሳየት የወረደውን ዕቃ ወደ ቦታው ልትመልስ የሕፃናት ገንፎ ዱቄቱን አነሳችና አገላበጠችው። ከሥሩ፣ በጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች የታተመ ቀን አለ። ቀኑ አልፏል።

ለማረጋገጥ ያህል ስካነሩን አነሳች። ጢጥ። ስልኩ ስሙንና ዋጋውን በደስታ ተናገረ፤ ስለ ቀኑ ምንም አላለም። ባርኮዱ ዕቃው ምን እንደሆነ እንጂ መቼ እንደሚበላሽ አያውቅም። ይህችን አሁን እሷ አየቻት። ትምህርት ሲከፈት ግን እዚህ አትሆንም። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ገልብጦ ማየት አለበት። በዚያች ሴት ጀርባ ላይ የተኛችውን ሕፃን አስታወሰች።

«ምን ሆንሽ?» አለች አዚዛ፤ የዕቃው ኮሽታ ሲቋረጥባት።

ረውዳ እሽጉን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ጊዜው አልፎበታል አክስቴ። ይሄን ስካነሩ አያነብልሽም።»

አዚዛ የእሽጉን ሥር በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ምንም የሚዳሰስ ነገር የለውም።

«ቃል ገብተሽልኛል» አለች።

«ገብቻለሁ። እኔ አልነግረውም። አንቺ ንገሪው፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። ሐኪም ቤትም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ሱቁን ቢወስድብኝስ?»

ረውዳ አይወስድም ልትል ፈለገች፤ እርግጠኛ ስላልነበረች ግን ተወችው። በሩ ላይ ወጥታ ቆመች። አባቷ መንገዱን ሊሻገር መኪና እስኪያልፍለት እየጠበቀ ነው። ዞር ብላ አክስቷን አየቻት። አዚዛ ሻርፗን አስተካክላ፣ ከባንኮኒው ሥር አንዱን ዱካ በእጇ ፈልጋ፣ ለወንድሟ መቀመጫ ወደ ፊት ሳበችው።

«አባዬ!» ስትል ተጣራች ረውዳ። «አንዴ ተመለስ።»