አስራ አራተኛው ችካል

ጌታቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ሊያንድሮ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ፣ ገደሉ ስር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ጫማዎቹ ወልቀው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የእግሮቹ አውራ ጣቶች በብርቱካናማ ሪባን ታስረዋል። ሪባኑ ላይ በማርከር «14» ተጽፏል።

«ተንሸራትቶ ይሆናል» አለ ፖሊሱ። የተንሸራተተ ሰው ጫማውን ደርድሮ ጣቱን አያስርም። የካውንቲው መርማሪ ፀዳለ ተንበረከከች። ሟቹ ሰርጓ ላይ እንግዳ ያስተናገደላት ሰው ነው፤ ግን ምንም አልተሰማትም። ድሮ ታለቅስ ነበር።

ኮረብታውን የኢትዮጵያውያን ማህበር በ1984 ነው የገዛው። አሁን ከተማው፣ ካውንቲውና አንድ የመሬት ጥበቃ ድርጅት አዋጥተው ሊገዙትና ቤት ሳይሠራበት ሊያቆዩት ነው። ሦስቱ የማህበሩ ኃላፊዎች ዓርብ መፈረም አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ የነበረው ጌታቸው ግን «ለቤት ሠሪ እንሽጠው» ብሎ ድርቅ ብሎ ነበር።

«ሪባኑ የኔ ነው» አለች ኦክላንድ ያደገችው የመሬት ጥበቃ ድርጅቱ ሠራተኛ ወንጌላዊት። «ሰርቬይ ስናደርግ፣ መሬቱን ስንለካ፣ ችካሎቹ ላይ ያሰርኩት። ግን የሰው ጣት? ዋይ? ለምን?»

ሁለተኛዋ ፈራሚ እማማ እጅጋየሁ ክራንቻቸውን ተደገፉ። «ሬሳ ሲገነዝ እንደዚያ ነው የሚታሰረው። እኔን ከጠረጠርሽ፣ ልጄ፣ ደረጃ እንኳ የምወጣው በሰው ድጋፍ ነው። ሰርፀን ጠይቂው፤ እሱም ከልጁ ሞት ወዲህ ሰው አይቀርብም።»

ሦስተኛው ፈራሚ፣ የታክሲ ሾፌሩ ሰርፀ፣ ጌታቸው እንዴት እንደሞተ አልጠየቀም። «ክሎዚንጉ፣ የሽያጩ ፊርማ፣ ይቀጥላል?» አለ። «እኔ እዚያ ኮረብታ ከወጣሁ ዓመት ሆኖኛል።»

ፀዳለ ተመልሳ ኮረብታው ላይ ወጣች። አስራ አራተኛው ችካል ሪባን የለውም። ስሩ ከክንድ የማይረዝም የአፈር ጉብታ አለ፤ በነጭ ጠጠር ተከቧል፤ የተተከለበት ጽጌረዳ ስሩ ገና እርጥብ ነው።

ዓርብ ሁሉንም ማህበሩ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ሬሳውን ገንዞታል፤ ስለዚህ ወጉን ያውቃል። ወንጌላዊት አታውቅም። እማማ እጅጋየሁ ኮረብታ አይወጡም። ሪባኑ የተፈታው ከአስራ አራተኛው ችካል ነው፤ ከስሩ የሕፃን መቃብር አለ፤ አበባውን ሰሞኑን ሰው አጠጥቶታል። ጋሼ ሰርፀ፣ ዓመት ሆኖኛል ያልከው ውሸት ነው።»

ሰርፀ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ልጄ የሞተ ጊዜ የመቃብር ቦታ መግዣ አልነበረንም። በድብቅ እዚያ ቀበርነው። ለጌታቸው ላሳየው፣ ልለምነው ወሰድኩት። ‹አፅሙን እናነሳዋለና› አለኝ፣ እየሳቀ። ገፋሁት። ከዚያ ወርጄ ሳየው… እንዲያው ጥዬው መሄድ አቃተኝ።» ቀና አለ። «አሁን ግን አይቆፈርም፣ አይደል?»

ወንጌላዊት ካርታውን ገለጠች። አስራ አራተኛው ችካል ለጎብኚዎች የሚሠራው መኪና ማቆሚያ ጥግ ነው።

«ይቆፈራል» አለች ቀስ ብላ።

ፀዳለ ካቴናውን አወጣች። አሁንም ምንም አልተሰማትም፤ ያስፈራት ይኸው ነው።

እማማ እጅጋየሁ ብቸኛ ፈራሚ ሆነው ቀርተዋል። እስክሪብቶውን ከውሉ ላይ አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ማቆሚያውን ወዲያ አድርጊው፣ ልጄ። ያኔ እፈርማለሁ።»

ወንጌላዊት ላጲስ ፈለገች።