የምጽዋዋ ነጭ ለባሽ

ጋሼ በሪሁን ጭድ ተራ ባለችው አሮጌ ፎቶ ቤታቸው ወለል ላይ ተዘርረው ነበር። ማጅራታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቷል። ኢንስፔክተር ሀፍሷ ጎንበስ ብላ ደረታቸውን አየች። የሸሚዛቸው ቁልፍ ተበጥሶ ክሩ ተንጠልጥሏል። አንቆ የገፈተራቸው ሰው አለ።

ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት የመስታወት ኔጋቲቮች ናቸው። ጣልያን ምጽዋን በያዘ ሰሞን አንድ ፈረንጅ መንገድ ለመንገድ እየዞረ ያነሳቸው ናቸው። በጨለማው ክፍል መጋረጃ ጀርባ ግን ገና ያልደረቀ አንድ የወረቀት ፎቶ ተሰቅሏል። ሀፍሷ አየችውና መጋረጃውን መልሳ ዘጋች።

አስከሬኑን ያገኘችው የእህታቸው ልጅ ወሰንየለሽ ደጅ ቆማ ታለቅሳለች።

«ከበሩ አላለፍኩም» አለች። «እኔ ዘንድ እንዲኖሩ ነገ ጎንደር ልወስዳቸው ነበር። የማተሚያ ወረቀት እንኳ ትናንት ነው ያመጣሁላቸው። እነዚህን መስታወቶች አንድም ቀን አትመዋቸው አያውቁም። በአንዱ መስታወት ላይ ያለችውን ነጭ ለባሿን ሴት በወረቀት ልያት ይሉ ነበር።»

የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ዘመድኩንም ያቺኑ ሴት አነሳ። «ነጭ ለባሿን ሽጡልኝ ብዬ ለምኛቸው ነበር። እምቢ ካሉኝ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም።»

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ጋሼ አገኘሁ በየቀኑ ከሟቹ ጋር ተቀምጠው መስታወቶቹን ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ዛሬስ ገብተው ነበር?» አለቻቸው ሀፍሷ።

«ዛሬ ሥራ በዛብኝ፤ አልገባሁም።»

«ከፎቶዎቹ የትኛውን ይወዱ ነበር?»

«ያቺን ሴትዮ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ጥቁር ለብሳ ብቻዋን መንገድ የምታቋርጠውን። ሐዘንተኛ ሳትሆን አትቀርም።»

ሀፍሷ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናትና ድምፃቸው ልቧን ነካት። ቢሆንም ሦስቱንም ወደ ውስጥ ጠርታ የሴቲቱን መስታወት ወደ መስኮቱ አነሳች።

«ኔጋቲቭ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ ያሳያል። ለዚህ ነው ሁላችሁም ነጭ ለባሿ ስትሏት የኖራችሁት።» መጋረጃውን ገለጠች። በእርጥቡ ፎቶ ላይ ያለችው ሴት ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። «ጋሼ በሪሁን ዛሬ ጠዋት ነው ያተሟት። አስከሬናቸው ከተገኘ ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም እዚህ አልገባም። ጋሼ አገኘሁ፣ ጥቁር መልበሷን እርስዎ የት አዩት?»

ሽማግሌው ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ሊያሳየኝ ጠራኝ። ነገ ጎንደር እሄዳለሁ አለኝ። ቀሪውን አላስጨረስኩትም፤ ሸሚዙን አንቄ ያዝኩት። ከሱ ሌላ የማወራው ሰው አልነበረኝማ! ገፋሁት። እንዲህ ይሆናል አላልኩም።»

ወሰንየለሽ እንባዋን ጠርጋ አየቻቸው።

«አጎቴ እኮ አገኘሁን ትቼ አልሄድም ብለውኝ ነበር። ለእርስዎም ክፍል አዘጋጅቻለሁ። ዛሬ የጠሩዎት ይህንኑ ሊነግሩዎት ነበር።»

ሀፍሷ የሽማግሌውን ክንድ ደግፋ አስነሳቻቸውና በመሳለሚያ ገበያ በኩል ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዛቸው ወጣች። አንድ ተሸካሚ «ዞር በሉ!» እያለ ሲያልፍ መንገድ ለቀቁለት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ዞሮ ያያቸው አልነበረም።